ከሲግድ በኋላ ሁለት ሌሊት በሚጽፔ ራሞን፦ ለባልና ሚስት የሚሆን ምክር ፈልጌ ነበር

የነታንያው አባወራ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እኔና ባለቤቴ ልጆች ከወለድን ወዲህ ሁለታችን ብቻ ሆነን ከቤት ውጭ አድረን አናውቅም። እርሷ ነርስ ናት፤ እኔ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። እርሷ ስትገባ እኔ ስወጣ፣ ብዙ ጊዜ የምንገናኘው በር ላይ ነው። ዘንድሮ አማቴ «ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ብለዋል። ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ልጠቀምበት።

ያሰብኩት በደቡብ እስራኤል፣ በኔጌቭ በረሃ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ከተማ ሚጽፔ ራሞንን ነው። ባለቤቴ ልጅ ሆና ከጎንደር ገጠር ነው የመጣችው። ሌሊት ከአያቷ ጋር ደጅ ወጥታ ታየው የነበረውን ሰማይ እስከ ዛሬ ታነሣለች። ነታንያ ላይ አንጋጠን የምናየው የመንገድ መብራትና የጎረቤት በረንዳ ነው።

የጋብቻችን ቀን የኛ የቤተ እስራኤል በዓል በሆነው በሲግድ ሰሞን ስለሚውል ከሲግድ ቀጥሎ ባለው ሰንበት ብንሄድ ብያለሁ፤ ዓርብ ሄደን ቅዳሜ ማታ መመለስ። ባለቤቴ ሰንበት በደንብ ትጠብቃለች፤ መኪና ውስጥ አትገባም፣ መብራት አትነካም። እኔ እንደ እርሷ ባልሆንም ከእርሷ ጋር ስሆን እጠብቃለሁ። ትንሽ መኪና አለችን። ገንዘቡ በልክ ነው፤ አፋፉ ላይ ያለውን ትልቅ ሆቴል ዋጋ አይቼ ገጹን ዘግቼዋለሁ። ደግሞም ለባለቤቴ ምንም አልነገርኳትም፤ በድንገት ላስደስታት ነው። ከዚህ የተሻለ ቦታ የምታውቁ፣ ሄዳችሁ ያያችሁ፣ እባካችሁ አንድ ቃል።

የቤርሼባ ሹፌር

ወንድሜ፣ አሳብህ ጥሩ ነው፤ ሂድ። እኔ መንገዱን ልንገርህ፤ እንጀራዬ እርሱ ነውና።

ከነታንያ በ6 ቁጥር ትወርዳለህ። የክፍያ መንገድ ነው፤ ሂሳቡ ቤትህ ድረስ ስለሚመጣ ባለቤትህ ፖስታውን ከፈተች ማለት ድንገተኛው ስጦታ ተነቃ ማለት ነው። ከቤርሼባ በ40 ቁጥር ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርሃል። ጠቅላላ ጉዞው ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከነማረፊያው ሦስት ሰዓት ያዝለት። ነዳጁን ቤርሼባ ላይ ሙላ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሃለሁ። ከቤርሼባ ወዲያ ከመሸ በኋላ አትብረር። ግመል አስፋልት ላይ ይቆማል። እግሩ ረጅም ስለሆነ የመኪናህ መብራት የሚያርፈው ከሆዱ በታች ባለው ባዶ ቦታ ነው፤ አጠገቡ እስክትደርስ ድረስ አታየውም። ትንሽ መኪና ስትገጨው ደግሞ ሰውነቱ የሚወድቀው ሞተሩ ላይ ሳይሆን የፊት መስታወቱ ላይ ነው። በየመንገዱ ግመል የተሣለባቸው የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ለጌጥ የተተከሉ አይደሉም። ቅዳሜ ሰንበት ወጥቶ ስትመለስ ጨለማ ስለሚሆን ይህን አስታውስ።

ቀይ ባሕር ወዳጅ

እኔ አልስማማም። ሦስት ሰዓት ነድቶ ድንጋይ ለማየት? ትንሽ ጨምረህ ንዳና ኤላት ግባ። ኖቬምበር ላይ እዚያ ገና ይዋኛል። ሙዚቃው አለ፣ ምግቡ አለ፣ ማታ ባሕር ዳር ሰው ይመላለሳል። ሚጽፔ ዓርብ ማታ ጭር ትላለች፤ በሰንበት ሻይ የሚሸጥልህ ሰው እንኳ ማግኘት ችግር ነው። ሴቲቱ ዓመቱን ሙሉ በሽተኛ ስታስታምም ቆይታ ነው ገደል አፋፍ ላይ የምታስቀምጣት?

የአሽዶዷ እህት

ቀይ ባሕር ወዳጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ስትጠራ የኖረች ሴት የምትመኘው ሙዚቃና ግፊያ ይመስልሃል? እኔም በዚያው ሙያ ነኝ። የምመኘው ስሜን የማይጠራ ቦታ ነው።

ወደ አንተ ልምጣ፣ የነታንያው ወንድሜ። ድንገተኛ ስጦታ የሚባለውን ነገር ተወው። ነርስ ናት ብለሃል፤ ፈረቃዋን ማን ያስቀይርላት? የሌሊት ተረኛ ሆና ብትገኝ የከፈልከው ቀብድ ቀለጠ። ፈረቃው ቢገጥም እንኳ ሴት ልጅ «ተነሺ፣ መኪና ውስጥ ግቢ» ተብላ ደስ አይላትም። ሹሩባ መሠራት ትፈልጋለች። የምትለብሰውን ማሰብ ትፈልጋለች። ልጆቹ ለማን፣ ምን እንደሚበሉ፣ ትንሹ ሌሊት ሲነሣ ማን እንደሚያባብለው መናገር ትፈልጋለች። ያን ሳትጨርስ ካወጣሃት ቤርሼባ እስክትደርሱ ስልክ ላይ ናት።

መሄዱን ንገራት፤ ቦታውንም ንገራት። መደበቅ ከወደድክ ሌላ ትንሽ ነገር ደብቅ። ለነገሩ አማትህ ካወቁ እርሷም አውቃለች፤ አንተ ነህ ያላወቅኸው።

የነታንያው አባወራ

ሳቄን አልቻልኩም። ማክሰኞ ዕለት «ክረምት ልብሶቹን ከላይ አውርዳቸው» ብላኝ ነበር። ያለ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው። እሺ፣ እነግራታለሁ።

አፋፍ ላይ

እኔ ሚጽፔ ውስጥ ነው የምኖረው፤ የምሠራውም የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። ስለዚህ አልጋ ሲያዝና ሲለቀቅ፣ እንግዳ ሲደሰትና ሲያኮርፍ በየሳምንቱ አያለሁ።

ቀይ ባሕር ወዳጅ ጭር ትላለች ያልከው እውነት ነው። ሰንበት የምትጠብቅ ሴት ግን ኤላት ላይ ምን ታደርጋለች? በየመንገዱ የማትነካውን ነገር እያየች ትቀመጣለች። እዚህ ከተማዋ ራሷ ከእርሷ ጋር ታርፋለች።

አባወራ፣ ማረፊያ ስትይዝ ፎቶውንና ጃኩዚውን ከማየትህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ከክፍሉ በር እስከ አፋፉ በእግር ምን ያህል ይርቃል? የአንተ ጉዞ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው በዚህች ጥያቄ ነው። ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያላችሁ መጓጓዣ እግራችሁ ነው። ከተማዋ የተሠራችው ማክቴሽ በሚባለው ትልቅ የተፈጥሮ ጎድጓዳ ስፍራ በስተሰሜን አፋፍ ላይ ስለሆነ ቦታውን በትክክል ከመረጥክ ቁርስ በልታችሁ፣ በር ዘግታችሁ፣ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ከእግራችሁ ሥር 40 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገደል ይከፈታል። ጥልቀቱ እስከ 500 ሜትር ይደርሳል። በአፋፉ ጠርዝ የተሠራ የእግረኛ መንገድ አለ፣ በየቦታው መቀመጫ አለ፤ የግመል ጀርባ በመሰለው ኮረብታ ላይ ደግሞ ማየት ለሚወድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። ለዚህ ሁሉ መኪና፣ ትኬት፣ ገንዘብ አያስፈልግም።

በከተማዋ ሌላኛው ወገን፣ ድሮ የፋብሪካ መጋዘን በነበሩት አዳራሾች ውስጥ፣ የቅመማ ቅመም ሰፈር የሚባለው አለ። የሥዕልና የእጅ ሥራ ቤቶች፣ ትንንሽ ማረፊያዎች አሉበት። ደስ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ዋጋው ይቀንሳል። ወደ አፋፉ ግን ረዘም ያለ የእግር መንገድ አለው። ባለቤትህ መራመድ የምትወድ ከሆነ ችግር የለም፤ ከሌሊት ተረኝነት የወጣች እግር ከሆነ ግን አስብበት።

ጃኩዚ ያለበትን ጺመር (የሚከራይ የእንግዳ ጎጆ) ደግሞ ተወው። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው እርሱ ነው፤ ሰንበት ከገባ በኋላ ባለቤትህ ቁልፉን አትጫነውም። ለማየት ብቻ ትከፍላለህ? በዚያ ፋንታ ማሞቂያ መኖሩንና ከሰንበት በፊት ተከፍቶ ሊያድር መቻሉን ጠይቅ። ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። በበረሃ ስም ተታለው ቀጭን ሸሚዝ ይዘው የሚመጡ እንግዶችን ብርድ ልብስ ሳከፋፍል ነው የማመሽው።

ጨረቃ አልባ

ስለ ኮከቡ ነገር እኔ ልናገር፤ በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው እርሱ ነው።

አባወራ፣ ሳታስበው ከዓመቱ ሁሉ መልካሙን ሰሞን መርጠሃል። ሲግድ የሚከበረው ሔሽቫን የሚባለው የዕብራይስጥ ወር በገባ በ29ኛው ቀን ነው፤ የዕብራይስጡ ወር ደግሞ የጨረቃ ወር ነው። ስለዚህ ሲግድ በየትኛውም ዓመት ይዋል፣ ያን ሌሊት ጨረቃ የለችም። ካህናቱ ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ ሰማዩ ጨለማ ነው። ከዚያ ቀጣዩ ወር ኪስሌቭ ሲገባ አዲሷ ጨረቃ ክር መስላ በምዕራብ ትታይና ወዲያው ትጠልቃለች። ሰንበቱ ከሲግድ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ከዋለ ሌሊቱ ሙሉ የእናንተ ነው። ሳምንት የሚጠጋ ከሆነ ጨረቃዋ ግማሽ ደርሳ እስከ እኩለ ሌሊት ትቆያለች፤ ያን ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታችሁ ብትወጡ ይሻላል። ለሌላ ጊዜ ለምታቅዱም ደንቡ ይኸው ነው፦ ከወሩ መጀመሪያና መጨረሻ አትራቁ፤ ከፋሲካና ከሱኮት ሽሹ፤ ሁለቱም ሙሉ ጨረቃ ላይ ነው የሚጀምሩት።

ቦታው ለምን እንደተመረጠም ልንገርህ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቴሌስኮፑን ከሚጽፔ አጠገብ የተከለው በ1971 ነው። በ2017 ደግሞ ማክቴሽ ራሞን በዓለም አቀፉ የጨለማ ሰማይ ማኅበር ዕውቅና አገኘ፤ በመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያው ነው።

ኖቬምበር ላይ ምን ታያላችሁ? ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው የኮከብ መቀነት ደማቁ መሐል የበጋ ነው፤ እርሱን አትጠብቁ። በዚያ ፋንታ እንደመሸ ወደ ላይ ስትመለከቱ አንድሮሜዳ የሚባለውን ጋላክሲ ታገኛላችሁ፤ ያለ መሣሪያ በዓይን የሚታይ፣ የተነፈሰ እንፋሎት የመሰለ ነገር ነው። ብርሃኑ ከዚያ የተነሣው የዛሬ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በስተምሥራቅ ተጠጋግተው የተሰበሰቡ ትንንሽ ኮከቦች ስታዩ ለባለቤትህ አሳያት፤ በአያቷ ደጅ የታዩትም እነዚያው ናቸው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ደግሞ ኦሪዮን ከማክቴሹ ማዶ ሦስቱን ኮከቦች ደርድሮ ብቅ ይላል።

ስልክ አትክፈቱ። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ አንዴ ስክሪን ካየህ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ባለቤትህ ሰንበት ጠባቂ ስለሆነች በዚህ ከብዙዎቹ እንግዶች ትሻላለች።

የቤርሼባ ሹፌር

ጨረቃ አልባ፣ ዕውቀትህን አከብራለሁ፤ ግን ሙሉ ጨረቃን እንዲህ አታባርራት። እኔ ማክቴሹን በሙሉ ጨረቃ አይቼዋለሁ። ያለ መብራት ጥላህን ታያለህ፤ የገደሉ ግድግዳ ነጭ፣ ሥሩ ሰማያዊ ይሆናል። ኮከብ የለም፣ እሺ፤ የጎንህን ሰው ፊት ግን ታያለህ። ለባልና ሚስት የቱ ይሻላል?

ጨረቃ አልባ

የጎንህን ሰው ፊት ነታንያም ላይ ታያለህ። ሴቲቱ የተመኘችው ኮከብ ነው፤ ስለ ፊት አልተጠየቅንም።

የአሽዶዷ እህት

በር ላይ ብቻ ለሚገናኙ ሰዎች እኮ ፊትም ትልቅ ነገር ነው። ይሁን፣ በዚህ በጨለማው ወገን ነኝ።

የሰሜን ተራራ ሰው

ልጆቼ ጽፈውልኝ ነው። እኔ ዕድሜዬ የገፋ ሰው ነኝ፤ የልጅ ልጆቼ ይዘውኝ ወደዚያ ከተማ ወስደውኝ ነበር። ስለ ገደሉ ሁሉም ተናገረ፤ ስለ ዋሊያው ማንም አላነሣም።

እኛ ሰሜን ተራራ ላይ ስናድግ ዋሊያን የምናየው ከሩቅ ነበር። ገደል ለገደል ነው የምትሄደው፤ የሰው ሽታ ካገኘች ድንጋይ ታንከባልልና ትጠፋለች። እዚያ ከተማ ውስጥ ግን የዋሊያ ዘመድ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ የተቆለመመ፣ በሰው ግቢ ሣር ሲግጥ አየሁ። ሌላው የመኪና ማቆሚያ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል፤ ሹፌሩ ቀንድ ሳይነካ ለመውጣት ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል። ቆሜ ቀረሁ። የኛው ጠቆር ይላል፣ ቀንዱም ወፍራም ነው፤ የዚያኛው መልክ አሸዋ ይመስላል። አረማመዱ ግን አንድ ነው፦ መጀመሪያ የፊት እግሩን አስቀምጦ ይመዝናል፣ ከዚያ ይዘላል።

አንተ ልጅ፣ ባለቤትህ ከጎንደር ከሆነች ይህን አሳያት። ኮከቡ ሌሊት ነው፤ ይህ ቀን ቀን ነው። ዳቦ ግን አትስጡት፤ ይለምዳል፣ ከዚያ ዱር መሆኑ ይቀራል።

የነታንያው አባወራ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የባለቤቴ አያት የሰሜን ሰው ነበሩ። ይህን ስነግራት «ይዘኸኝ ሂድ» የምትለው ለዋሊያው ብላ ነው።

አፋፍ ላይ

አባባ፣ ትክክል ብለዋል። አትክልት ለተከልን ሰዎች ግን እነዚህ እንግዶች አይደሉም፤ ቀበኞች ናቸው። ጽጌረዳዬን ጨርሰውብኛል።

ገና እጩ ሙሽራ

ይቅርታ መሐል ገባሁ። እኔና እጮኛዬ መኪና የለንም። በአውቶቡስ ይቻላል?

የቤርሼባ ሹፌር

ይቻላል። በባቡር ቤርሼባ፣ ከማዕከላዊ ጣቢያው በአውቶቡስ ሚጽፔ። ችግሩ መመለሻው ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይቆማል፤ የሚነሣው ሰንበት ከወጣ በኋላ ነው። ከመካከለኛው የሳምንቱ ቀናት ሁለቱን ውሰዱ፤ አልጋውም ይረክሳል፤ ብዙዎቹ ማረፊያዎች በሰንበት መዳረሻ ከሁለት ሌሊት በታች አያከራዩም። ለመጋባታችሁ ቀብድ የምታስቀምጡበት ወቅት ነው፤ ሳንቲሙን ያዙ።

የአሽዶዷ እህት

የሁለት ሌሊቱ ነገር ለአባወራም ይሠራል። ዓርብ ሄዶ ቅዳሜ ማታ መመለስ የሚባለውን አልወደድኩትም። ኖቬምበር ላይ ሰንበት የሚገባው በጊዜ ነው። ዓርብ ጠዋት ልጆች አስቀምጠህ፣ ዕቃ ጭነህ፣ መንገዱ ተጨናንቆ፣ ስትደርስ ሻማ ለማብራት ትሯሯጣላችሁ። ከዚያ ቅዳሜ ማታ ደክማችሁ ትመለሳላችሁ፤ እሑድ ጠዋት ሥራ ነው። ሐሙስ ውጡ። ዓርብን ለመኪናና ለገደሉ ውስጥ ስጡት፤ ሰንበትን ለእግርና ለእንቅልፍ። ደግሞ ዶሮ ወጡን ማን እንደሚሠራው አልነገርከንም።

የነታንያው አባወራ

ባለቤቴ ሐሙስ ጠዋት ትሠራውና…

የአሽዶዷ እህት

እዚያ ላይ ቁም። ሽንኩርት ስትከትፍ አርፍዳ ነው ዕረፍት የምትሄደው? ወይ አንተ ሥራው፣ ወይ ነታንያ ሰፈርህ ውስጥ ለድግስ ከሚሠሩት እናቶች አንዷን ከፍለህ አሠራ። መደበቅ የፈለግከው ነገር ይህ ይሁን። እንጀራው፣ ወጡ፣ የሰንበት ዳቦው ተጠቅልሎ መኪናው ኋላ ይቀመጥ፤ እርሷ ዓርብ ከሰዓት «ምን ልንበላ ነው?» ስትል አውጣው።

አፋፍ ላይ

ማረፊያው ፕላታ (በሰንበት ምግብ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ) እንዳለው ጠይቁ፤ ብዙው አለው። ፍሪጅም ይኑረው። የከተማዋ መደብሮች ዓርብ ከሰዓት በጊዜ ይዘጋሉ፤ የጎደለ ቅመም ለመግዛት የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ቡና የምታፈሉ ከሆነ ጀበናና ከሰሉን ከሰንበት በፊት ጨርሱ፤ ደግሞ ክፍል ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ብርድ ሲመጣ ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ ጭሱ ይገድላል። ደጅ በረንዳው ላይ፣ ገደሉን እያያችሁ አፍሉት።

የነታንያው አባወራ

ነገርኳት። ታውቅ ኖሯል። ፈረቃዋን ካስቀየረች ቆይታለች፤ አማቴን ግን ምንም አልጠየቅኋቸውም።

በምክራችሁ መሠረት ያወጣሁት ዕቅድ ይኸውና። ሐሙስ ረፋድ ላይ ከነታንያ እንነሣለን። መንገዳችን ላይ ሚድሬሼት ቤን ጉሪዮን ቆም ብለን የእስራኤል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን የቤን ጉሪዮንንና የባለቤታቸውን የፓውላን መቃብር እናያለን። ዓርብ በጠዋት ተነሥተን ወደ ኋላ ዓይን አቭዳት፣ ከዚያ የአቭዳትን የድሮ ከተማ፣ ከዚያ ተመልሰን ማክቴሹ ውስጥ ወርደን ቀንድ አውጣ የመሰሉትን የጥንት የባሕር ፍጥረታት የድንጋይ ቅሪቶች፣ ባለ ቀለም አሸዋውን፣ የእንጨት መሰንጠቂያ የሚሉትን ኮረብታ፣ ከዚያ የኢላን ራሞን መታሰቢያ የሆነውን የጎብኚዎች ማዕከል፣ ከዚያ ሰንበት። ቅዳሜ በእግር። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ቀስ ብለን መመለስ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ስለሆንኩ ችግር የለብኝም፤ እርሷም ፈቃድ ወስዳለች።

አፋፍ ላይ

ሐሙስህና ቅዳሜህ ድንቅ ናቸው። ዓርብህ ግን የሁለት ሰዎች ዕረፍት ሳይሆን የጎብኚ አውቶቡስ ፕሮግራም ነው። የብሔራዊ ፓርኮቹ መግቢያ ዓርብ ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ በክረምት ሰዓት ደግሞ ይብሳል። ስድስት ቦታ እየሮጣችሁ ከስድስቱም በር ላይ ትመለሳላችሁ።

ልቀንስልህ። ዓይን አቭዳት ቆንጆ ነው፣ ውሃ አለው፣ ዛፍ አለው፤ ነገር ግን ከታች ገብቶ በደረጃና በመሰላል ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ መውረድ አይፈቀድም። መኪናህ ታች ቀርታ አንተ ላይ ትወጣለህ። ስለዚህ ሐሙስ ቀን ካላችሁ በታችኛው በር ገብታችሁ እስከ ፏፏቴው ሂዱና በዚያው ተመለሱ፤ ከመቃብሩ ቅርብ ነው። ቀኑ ካልበቃ ይቅር።

አቭዳትን ከመረጥክ እርሱ 40 ቁጥር ላይ ነው፤ ሐሙስ ስታልፉ ግቡ። ናባታውያን የሚባሉት የጥንት ነጋዴ ሕዝቦች የዕጣንና የቅመም ንግዳቸውን ከዐረብ ምድር ወደ ጋዛ ወደብ ያሳልፉበት የነበረ ከተማ ነው፤ ከዕጣን መንገዱ ጋር በ2005 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በመንገዱ ላይ የተመላለሰው ዕጣን ከእኛም ወገን ባሕር ማዶ የሚመጣ ዓይነት ስለሆነ ለባለቤትህ የምትነግራት ታሪክ አለህ።

ዓርብን ለማክቴሹ ብቻ ተወው። የእንጨት መሰንጠቂያ የሚባለው ኮረብታ በእንጨት መረማመጃ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ድንጋዮቹ በመጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት መስለው የተደረደሩ ናቸው፤ ማንም አልቆረጣቸውም፣ በሙቀት የሆነ ነው። የቅሪቶቹ ግድግዳ ደግሞ የእግር ጉዞ አለው፤ የመኪና ጎማ የሚያህሉ ጥምዝምዞች ድንጋይ ውስጥ ታያላችሁ። ቦታው አንድ ዘመን የባሕር ወለል ነበር። ብዙ እንግዶች ገደሉን ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ቆፈረው ይላሉ፤ አይደለም፣ ውሃ ነው ለስላሳውን አሸዋ ሸርሽሮ ያወጣው። ድንጋዩን በእጅ ዳስሱት እንጂ አትቁረጡ፣ ወደ ቤት አትውሰዱ፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ነው። ቀትር ላይ ተመለሱ። ገላ ታጠቡ። ተኙ። ሻማውን ሳትሮጡ አብሩ።

ከተጠቆመው መንገድ ደግሞ አትውጡ። በማክቴሹ ዙሪያ የጦር ልምምድ ክልል አለ። ዝናብ ከተነገረ ወደ ውስጥ አትውረዱ፤ ሰማዩ እናንተ ላይ ብሩህ ሆኖ ጎርፉ ከሩቅ ሊመጣ ይችላል።

ቀይ ባሕር ወዳጅ

የጎብኚዎች ማዕከሉን ብቻ አትተው። ኢላን ራሞን በ2003 ከኮሎምቢያ መንኮራኩር ጋር የጠፋው ጠፈርተኛ ነው፤ ማዕከሉም በአፋፉ ላይ ነው። ኤላትን ባትወዱም ይህን ልርዳችሁ። አሁንም ግን ባሕሩ ይሻላል።

የቤርሼባ ሹፌር

አባወራ፣ ሐሙስ ቤርሼባ ስትደርስ ነዳጅ ስትሞላ ጎማህንም አስለካ፤ ትርፍ ጎማው ነፋስ እንዳለውም እይ። ከዚያ ወዲያ ጎሚስታ በቅርብ አታገኝም። ለሁለት ሰው የሚበቃ ውሃ ከኋላ ሳይሆን ከፊት አስቀምጥ።

የነታንያው አባወራ

ዓርብ ማክቴሹ ብቻ ሆኗል። ዓይን አቭዳት ቀኑ ከበቃ፣ አቭዳት በእርግጥ። ማረፊያውን ይዣለሁ፤ ጃኩዚ የለውም፣ ፕላታ አለው፤ አከራዩ ከበር እስከ አፋፉ አሥር ደቂቃ ነው ብሎኛል። ለዶሮ ወጡም ሰፈራችን ካሉት እናቶች አንዷን አነጋግሬያለሁ። ዋጋውን ነግረውኝ ሲያበቁ «ለማን ነው?» አሉ፤ ለባለቤቴ ነው ስላቸው እንቁላሉን በነጻ እጨምራለሁ ብለዋል።

የአሽዶዷ እህት

እንቁላሉን ሰው እንዳይቆጥርባችሁ፤ ሁለት ሁለት ብሉ።